ሐዘንተኛ ድንኳን አይተክልም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ግማሹን መኪና ውስጥ ልጆቼን ስጠብቅ፣ ግማሹን ቡና እስኪፈላ። ባለፈው ዕትም ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሳነብ ግን ቡናው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ጸሐፊው ልጆቻችን ኮሌጅ ጀምረው የሚተዉት የኡበርና የዴሊቨሪ ገንዘብ ስለሚጥማቸው ነው፣ ወላጅም ስለማይቆጣ ነው ይላሉ። እንደዚያ ዓይነት ልጅ የለም አልልም። አለ፤ አንዱን እኔው ቤት አሳድጌዋለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጥግ ላፕቶፕ ይዤ ቁጭ እልና ፎርም እሞላላቸዋለሁ፤ እዚያ የምሰማው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከስንፍና አይጀምርም። አንድ ክላስ ድሮፕ ከማድረግ፣ ማለትም ጀምሮ ከመጣል፣ ነው የሚጀምረው።

ቀላል ይመስላል አይደል? አንድ ክላስ። ሥራ ቦታ ሽፍት ተቀየረ፣ ልጅ ታመመ፣ ሒሳቡ ከበደ፣ ኮምፒዩተር ላይ ገብተው አንዷን ቁልፍ ተጫኑ፣ አለቀ። ቁልፏን ሲጫኑ ማንም «ቆይ፣ ይህን ካደረግክ እንዲህ ይመጣል» አይላቸውም። መዘዙ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ያውም ከአምስት የተለያየ ቢሮ በአምስት የተለያየ ኢሜይል።

ይህን ከሩቅ አይቼ አይደለም የምጽፈው። በ2009 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እዚህ ከኖርን ሌላውን እየረሳነው ነው) በዲቪ ሎስ አንጀለስ ገባሁ። ሁለት ልጅ፣ ሁለት ሻንጣ። ትዳሬ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ የእሱን ጉዳይ ለሌላ ቀን ላቆየው። ሌሊት ሌሊት አረጋውያን እጠብቅ ነበር፣ ቀን ቀን እተኛለሁ እያልኩ ሳልተኛ ይመሻል። አዎ፣ ዌልፌር ላይም ነበርኩ። ይህን በጋዜጣ ስጽፍ ደንግጠው የሚደውሉልኝ ዘመዶች እንዳሉ አውቃለሁ። ይለምዱታል።

በ2012 ነርስ እሆናለሁ ብዬ ቤቴ አጠገብ ያለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዘገብኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ለነገሩ ከሌሎቹ የከፋ አልነበረም። ዩኒቱ (ክላስ የሚለካበት ማለት ነው) ከ36 ዶላር ወደ 46 ዶላር የገባበት ዓመት ነበር፣ እስካሁንም 46 ላይ ነው። ለ12 ዩኒት 552 ዶላር ማለት ነው። ገቢው አነስተኛ ለሆነ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ደግሞ እሷም ትሰረዛለች፤ ያኔ ቦግ ዌቨር ይሉት ነበር፣ አሁን ካሊፎርኒያ ኮሌጅ ፕሮሚስ ግራንት ብለውታል። ስለዚህ «ኮሌጅ ውድ ስለሆነ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። ክፍያው ይሰረዛል። መጽሐፉ፣ ቤንዚኑ፣ የልጅ ጠባቂው፣ ያልተተኛው እንቅልፍ ናቸው የማይሰረዙት።

ኢኦፒኤስ የሚባለውን ቢሮ ያገኘሁት ሽንት ቤት ስፈልግ ነው። ቀልድ አይደለም። የተሳሳተ ኮሪደር ገብቼ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ፣ የመጽሐፍ እርዳታ ይላል፣ ገባሁ። ያ ፕሮግራም እኮ ከ1969 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ የቆመ ነው! በኑሮም በትምህርትም ወደኋላ የቀረ ተማሪ ኮሌጅ እንዲገባና እንዲጨርስ ተብሎ። በ1982 ደግሞ ኬር የሚባል ተጨመረበት፣ ዌልፌር እየተቀበሉ ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ። ልክ እኔን አስበው የሠሩት ነው የሚመስለው። እኔ ግን አንድ ሴሚስተር ሙሉ እዚያው ግቢ ስመላለስ የነገረኝ የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው።

አንባቢ እንዲያውቀው መግቢያውን በአጭሩ ልበል። የካሊፎርኒያ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፣ ወይም የድሪም አክት ተማሪ፣ ማለትም ሕጋዊ ወረቀት ሳይኖረው እዚህ የተማረ። ከላይ ያልኩት የክፍያ ስረዛ የሚገባው መሆን አለበት። ሲገቡ 12 ዩኒት መያዝ ግድ ነው፤ በ9 ዩኒት የሚቀበሏቸው አሉ ግን ጥቂት ናቸው። ከ70 ዩኒት በላይ የጨረሰ አይገባም። እና በትምህርት ወደኋላ የቀረ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይሄ አይመለከተውም» ይላል። ቆዩ። ከሚታዩት ነገሮች መካከል አንዱ በቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው መሆኑ ነው፣ ሌላው ወላጆቹ አፋቸውን በእንግሊዝኛ ያልፈቱ መሆናቸው ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ከመካከላችን ስንቱ ልጅ ነው ከዚህ የሚያመልጠው?

የሚሰጡት ነገር ደግሞ የመጽሐፍ ቫውቸር ብቻ አይደለም። በየሴሚስተሩ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካውንስለር ማግኘት አለ፣ ግዴታ ነው። ሰው ግዴታውን ይጠላዋል፤ እኔ የተረፍኩት በሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ቅድሚያ መመዝገብ አለ። ሌሊት የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው የጠዋቱ አናቶሚ ክላስ በምዝገባ መጀመሪያ ይሞላል። ቅድሚያ ያለው ይይዘዋል፣ የሌለው ዌይትሊስት ላይ ሆኖ ይጸልያል። ከቫውቸሩ ይልቅ ይሄ ነው አንድ ዓመት የሚያተርፈው።

እንግዲህ ኢኦፒኤስ አንዱ በር ብቻ ነው። ፋይናንሻል ኤይድ ሌላ ሕንፃ ላይ ነው። ካልወርክስ፣ የዌልፌሩ ፕሮግራም ማለት ነው፣ ሌላ። የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ላለበት ዲኤስፒኤስ አለ። ትሪዮ የሚባል ከዋሽንግተን የሚደገፍ አለ። በማደጎ ላደጉ ልጆች ኔክስትአፕ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሕጉ እያንዳንዱ ኮሌጅ የቤሲክ ኒድስ ማዕከል እንዲከፍት ስላዘዘ ምግብና መጠለያ የሚያፈላልግ ቢሮም አለ። ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ፎርም አላቸው። ሁሉም ኦሪየንቴሽን አላቸው፣ ብዙ ጊዜም ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ማታ ላይ፣ ልክ እኔ ሥራ ስገባ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ትንሿ ልጄ በአስም ሆስፒታል ገባች። አራት ቀን። ስመለስ የሒሳብ ፈተና አልፎኛል። ሒሳቡን ድሮፕ አደረግኩ፣ በትራንስክሪፕቴ ላይ ደብልዩ (ክላሱን ጥላለች የሚል ምልክት) ገባ፣ ከ12 ዩኒት ወደ 9 ወረድኩ። ያኔ ያደረግኩት ብልህነት መስሎኝ ነበር፤ ኤፍ ከማግኘት ይሻላል ብዬ።

መጀመሪያ ኢኦፒኤስ ማስጠንቀቂያ ላከ፣ ዩኒትሽ ጎድሏል ብሎ። ቀጥሎ ፋይናንሻል ኤይድ፦ ከጀመርሽ አንስቶ በጠቅላላው ከያዝሻቸው ክላሶች ማለፍ ያለብሽን 67 በመቶ አላለፍሽም፣ ደብልዩ እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው። ካልወርክስ ደግሞ የሳምንት የትምህርት ሰዓቴ ስለጎደለ ለካውንቲው የምሰጠው ወረቀት አልሞላ አለ። የልጆች መዋያው ሰዓት ከትምህርት ሰዓቴ ጋር የታሰረ ነበርና እሱም ቀነሰ። የልጄ መዋያ ሲቀንስ የቀሩትን ሦስት ክላሶች መከታተል ራሱ አቃተኝ። አያችሁ? ማንም አልበደለኝም። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ሕግ በትክክል ነው የተከተለው። ለአንዱ ብሄድ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ፋይናንሻል ኤይድን ጠይቂ» ይላል። ፋይናንሻል ኤይድ ስሄድ «ካውንስለርሽ ይፈርም» ይላል። ካውንስለሩ ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኔ ከ«ነገ ተመለሽ» አገር ነው የመጣሁት፣ ቀበሌ አሳምሬ አውቃለሁ። ቀበሌ ግን ቢያንስ ቢሮው አንድ ነው፤ ሊቀ መንበሩን በር ላይ ጠብቀሽ ትይዥዋለሽ።

አንድ ሰኞ ልተወው ብዬ ነበር። በእውነት። ያን ቀን ብተወው ኖሮ የእኛ ሰው «ዌልፌሩ ተመቻት» ይል ነበር እንጂ 67 በመቶ የሚባል ነገር አለ ብሎ የሚያስብ የለም።

ያዳነችኝ በኬር ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት። ስሟን አልጽፍም፣ ጡረታ ወጥታለች። ልሰናበታት ነው የሄድኩት። አላባበለችኝም፣ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ከየትኞቹ ቢሮዎች ጋር ነሽ?» ቆጠርኩላት። ወረቀት አወጣችና ክብ ክብ ሠራች፣ መስመር አሰመረች። ከዚያ እኔ ፊት ለፊት ስልክ አነሳች። ፋይናንሻል ኤይድ ደወለች፦ የሆስፒታል ወረቀት ካላት ይግባኝ ትጽፋለች አይደል? አዎ። ካልወርክስ ደወለች፦ የጥናት ሰዓት ይቆጠርላታል ወይ? እናያለን። በሴሚስተሩ አጋማሽ የሚጀምር ባለ 3 ዩኒት አጭር ክላስ እንዳለ ፈልጋ አገኘች፣ እሱን ይዤ ወደ 12 ተመለስኩ። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። እኔ ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን በሃያ ደቂቃ!

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ማሰብ አላቆምኩም። ያቺ ሴትዮ አንድም ብር አልጨመረችልኝም። ያለውን ገንዘብና ያለውን ሕግ ነው አንድ ላይ የሰፋችው። ይህ ግን የሷ የሥራ ድርሻ ውስጥ አልተጻፈም፤ በጠባይዋ ነው የሠራችው። እሷ ፈቃድ ላይ ብትሆን ኖሮ ዛሬ እኔ ነርስ አይደለሁም።

በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው ማነው? ሐዘንተኛዋ ናት እንዴ ተነስታ አንዱ ቤት ድስት፣ አንዱ ቤት ወንበር፣ አንዱ ቤት ብርጭቆ ለምና የምትሰበስበው? እድሩ አለ። ጸሐፊው ጥሩምባ ያስነፋል፣ ወጣቶቹ ድንኳኑን ይዘው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ እንጀራውን ይከፋፈላሉ፣ ሐዘንተኛዋ የሚጠበቅባት ማልቀስ ብቻ ነው። ኮሌጁ ውስጥ ግን ድንኳኑም አለ፣ ድስቱም አለ፣ ወንበሩም አለ። ሰብስባ የምትተክለው ሐዘንተኛዋ ናት። እንቅልፍ ያልተኛችው፣ እንግሊዝኛው ያልጠራላት፣ መኪናዋ የተበላሸባት እሷው።

ለምን አይነጋገሩም ብዬ ብዙ ጠይቄያለሁ። ክፋት አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ገንዘቡ በራሱ መንገድ ይመጣል፣ ሪፖርቱም በራሱ መንገድ ይሄዳል። የኢኦፒኤስ ገንዘብ ኮሌጁ ለማንኛውም ተማሪ ከሚሰጠው በላይ ለሆነ ተጨማሪ አገልግሎት ብቻ እንዲውል ሕጉ ያስገድዳል። ሕጉ ደግ ነው፤ እንደዚያ ባይሆን ገንዘቡ አምፖል መቀየሪያ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን በዚያው ሁሉም አጥሩን አጥብቆ ይዞ ቁጭ አለ። ሌላው ሰበብ የተማሪ ምስጢር ነው፣ የ1974ቱን ፈርፓ የሚባል ሕግ ይጠቅሱልሃል። ያ ሕግ ግን በዚያው ኮሌጅ ውስጥ ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የተማሪውን መረጃ እንዲያዩ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሕጉን ሰበብ አድርጎ ማቅረብ አያሳምነኝም።

አንዳንዴ ደግሞ አለመነጋገራቸው ሰውን ያስርባል። ለምሳሌ ካልፍሬሽ፣ ማለትም ፉድ ስታምፕ። ተማሪ ከሆንክ በሳምንት 20 ሰዓት ካልሠራህ አይሰጥህም ተብለው የሚመለሱ ልጆች አሉ። ኢኦፒኤስ ውስጥ መሆን ራሱ ከዚያ ግዴታ ነጻ ከሚያወጡት ምክንያቶች አንዱ ነው። ቅዳሜ ዕለት ይህን የነገርኩት አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ኢኦፒኤስ ውስጥ ነበር፣ ሁለት ዓመት ኑድል ሲበላ ነበር። የኢኦፒኤሱ ሰው ስለ ምግብ አልጠየቀውም፣ የምግቡ ሰው ስለ ኢኦፒኤስ አልጠየቀውም።

እሺ፣ የሚሠራበት ቦታ አለ ወይ? አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ ኩኒ የሚባለው የከተማው ዩኒቨርሲቲ በ2007 አሳፕ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። አዲስ ነገር አልፈጠሩም። አማካሪውን፣ መጽሐፉን፣ የባቡር ካርዱን፣ የቀረውን ክፍያ፣ ሁሉንም በአንድ እጅ አደረጉት። የባቡር ካርዱን የምትወስደው አማካሪህን ስታገኝ ነው፤ ብልሃቷን አያችሁ? አንድ አማካሪ የሚይዘው ከ60 እስከ 80 ተማሪ ነበር፣ ሌላው ቦታ አንዱ ካውንስለር ከ600 በላይ በሚይዝበት ጊዜ። ተመራማሪዎች ወደ 900 ተማሪ በዕጣ ለሁለት ከፍለው ተከታተሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአሳፕ ልጆች 40 በመቶ ሲመረቁ፣ ከሌሎቹ 22 በመቶ ናቸው የተመረቁት። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ኦሃዮ ውስጥም ሦስት ኮሌጆች ወስደው ሞክረውት ሠርቷል። የእነዚያ የ22 በመቶዎቹ ልጆች ስንፍና በዕጣ ነው እንዴ የደረሳቸው? ይህን ጥያቄ ለጽሑፉ ባለቤት በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ በአሳፕ ላይ። ሙሉ ጊዜ መማር ግዴታ ነው። ሁለት ልጅ ይዛ ሌሊት የምትሠራ ሴት ሁልጊዜ 12 ዩኒት አትችልም። የኢኦፒኤስም ችግር ይሄው ነው። ብዙ የሚያስፈልጋት ሰው ዩኒቷ ትንሽ ነው፣ ዩኒቷ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ብዙው አይደርሳትም። እዚህ ላይ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ራሳችን። ኮሌጁን ብቻ ወቅሼ ብተወው ደብዳቤዬ ግማሽ ነው።

እኛም እኮ እንደዚያው ነን። ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ እራት ያዘጋጃል፣ አምስት ልጅ 500፣ 500 ዶላር ይሸለማል፣ ፎቶ ይነሳል። ቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ሽልማት አለው። የተወለድንበት አካባቢ ማኅበር የራሱ አለው። ልጆቹ ማን ናቸው? ብዙ ጊዜ ተመሳሳዮቹ፣ ውጤታቸው ያማረ፣ ወደ ዩሲኤልኤ የሚሄዱት። ደስ ይበላቸው። ያቺ በመጋቢት ክላስ ድሮፕ ልታደርግ ጣቷን ቁልፉ ላይ ያደረገችው ልጅ ግን እራቱ ላይ አልተጋበዘችም። ለሷ 500 ዶላርም አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት በዚያች ሌሊት የምትደውልለት አንድ ሰው ነው።

ወላጆችስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ልጁ ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሊሞላ የአባቱን የታክስ ወረቀት ይጠይቃል። አባት «ገመናዬን ለመንግሥት አልሰጥም» ይላል። አባዬ፣ ታክስ የከፈሉት ለመንግሥት ነው፣ መንግሥት ከእርስዎ ቀድሞ ያውቀዋል! ልጅዎ 24 ዓመት እስኪሞላው፣ አግብቶ ወይም ወልዶ ወይም ሌላ የተለየ ምክንያት ኖሮት ካልሆነ በቀር፣ የወላጅ መረጃ ይጠየቃል። አልሰጥም ማለት ፔል ግራንት የሚባለውን የፌደራል እርዳታ ከልጅዎ እጅ መንጠቅ ነው፤ እሱም ሙሉው በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። (በ2024 ፎርሙ ተቀይሮ ሲንገጫገጭ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌላቸው ወላጆች መግባት አቅቷቸው ስንት ልጅ ተጉላላ። ያኔ የኛ ሰው «ሲስተሙ አይሠራም» ብሎ ተወው፣ ከዚያ ሲስተካከል ተመልሶ የሞከረ ጥቂት ነው።)

አይመለስም ስል ግን አንድ ነገር ላክል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ እሱ ነው። ልጁ ሁሉንም ክላስ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ጥሎ ከወጣ የፔሉ የተወሰነው መመለስ አለበት። ኮሌጁ ዕዳ ይጽፍበታል፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሊመዘገብ ሲል ሆልድ አለብህ፣ ሳትከፍል አትመዘገብም ሊለው ይችላል። አንድ ልጅ አለ፣ እናቱን ከአገር ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኡበር ነዳ። ሁሉም ገንዘቡ ጣመው ብሎ አምቶታል፣ እኔም አምቼዋለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ ቅዳሜ ስጠይቀው ጥቂት መቶ ዶላር ሆልድ ነው ያስቀረው። አፍሮ ለእናቱ እንኳ አልነገራትም። የክፍያ ስምምነት ተዋውሎ ከፍሎ ጨረሰ፣ አሁን ተመልሷል። ጸሐፊው ያዩት ያንን ልጅ ከነመኪናው ነው፤ ሆልዱን አላዩም።

አገር ቤት ዲግሪ ይዘው ለመጡም አንድ ቃል። ባችለር ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከአዲስ አበባም ይሁን ከባሕር ዳር፣ እዚህ ሥራ ባያስገኝለትም እንኳ ፔል አያገኝም። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ሁሉም በር የተዘጋ መስሏቸው ይመለሳሉ። የክፍያ ስረዛው ግን ዲግሪ አለህ ብሎ አያስቀርም። አንድ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት መሆኑን የሚነግር ሰው ነው የጠፋው፣ መላልሼ የምለው ይሄንኑ ነው።

እና ምን እናድርግ? እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየማኅበሩ አንድ ሰው ይመደብ። ገንዘብ ያዥ እንዳለን፣ ጸሐፊ እንዳለን፣ አንድ የተማሪ ጉዳይ የያዘ ሰው። ያ ሰው ሁሉንም ሕግ ማወቅ የለበትም፤ እኔም አላውቅም። አቅራቢያው ያለውን ኮሌጅ የኢኦፒኤስ ቢሮ ሄዶ ኃላፊውን በአካል ይተዋወቅ፣ ስልክ ይያዝ። እነሱ እኮ ተማሪ ፈልገው ነው የሚኖሩት፣ ጥሩን ይላሉ። አንድ ጊዜ ጠርተናቸው መጥተው ከጸበል ጻዲቁ ጋር ፎርሙን አሞልተው ሄዱ። አሥራ አንድ ልጅ በአንድ ቀን። አንደኛዋ የኢኦፒኤስ ሴትዮ ዳቦውን ይዛ ሄዳ ለቢሮዋ ሰዎች አቅምሳቸዋለች፣ እስከ ዛሬ ስትደውል ስለ ዳቦው ነው የምታነሳው።

የሽልማቱን ገንዘብ ደግሞ ግማሹን አስቀሩት። ለእራትና ለፎቶ ሳይሆን ለሴሚስተሩ አጋማሽ፣ ለመጋቢትና ለጥቅምት ይቀመጥ። ጎማ ለፈነዳበት፣ ሆልድ ላለበት፣ መዋያው ለተዘጋባት። እንዲህ ያለ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን በሰዓቱ ከደረሰ 12ን ከ9 ያድናል።

ተማሪዎች፣ እናንተም ክላስ ድሮፕ ከማድረጋችሁ በፊት በየቢሮው መልእክት ጻፉ፣ ያላችሁበትን ቢሮ ሁሉ በአንድ ኢሜይል ላይ አድርጉና «ይህን ብጥል ምን ይነካል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ኢሜይል ላይ ሲደራረቡ ሳይወዱ በግዳቸው ይነጋገራሉ። ይህን ዘዴ ያስተማረችኝ ያቺው የኬሯ ሴትዮ ናት።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከእናንተም የምለምነው አለ። ያንን የኡበር ጽሑፍ ያተማችሁበት ገጽ ላይ ትንሽ ሳጥን ሥሩልን። የስቴቱ የትምህርት እርዳታ፣ ካል ግራንት፣ ማመልከቻው የሚዘጋው ማርች 2 ነው፣ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ሴፕቴምበር 2 ድረስ አለ። ከሱ ሥር የየኮሌጁ የመጨረሻ ድሮፕ ቀን ይግባበት፤ ከየኮሌጁ ካላንደር ለቅሜ የምልክላችሁ እኔ ነኝ። በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል፣ እናቶች መነጽር ሳያደርጉ ሊያነቡት በሚችሉት መጠን። ልጁ ባያነበው እናቱ ቆርጣ ፍሪጅ ላይ ትለጥፈዋለች፤ የእኛ ቤት ፍሪጅ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሎስ አንጀለስ